ጡረታ በበረሃ፦ ቤቱን በጥር አይታችሁ አትግዙ

በሱዳን በኩል ወጥቶ አሜሪካ የገባው የመጀመሪያው ትልቅ የኢትዮጵያውያን ትውልድ ለጡረታ ደርሷል። የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ የወጣው በ1980 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በኋላ በሃያዎቹ አጋማሽ ዕድሜው ዋሽንግተን ወይም ሎስ አንጀለስ የገባ ወጣት ዛሬ ከ65 ዓመት በላይ ሆኖታል። ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ ሌሊት ሲያድር የኖረ፣ ታክሲ የነዳ፣ የሰው አገር አዛውንት ሲያስታምም ወገቡ የጎበጠ ትውልድ ነው። አሁን ተራው የራሱ ሆኗል። ጥያቄውም አንድ ነው፦ የት ልረፍ?

ውጭ ዘመድ ያለው ሁሉ ይህን ወሬ ሳይሰማ አይቀርም። በስልክ ሲወራ በብዛት የሚነሳው ስም ላስ ቬጋስ ነው። ፊኒክስም ትጠራለች። «ቤት ርካሽ ነው፣ የስቴት ገቢ ግብር የለም፣ ብርድ የለም፣ አበሻ ሞልቷል» ይባላል። እውነት ነው፤ አራቱም አልተዋሹም ማለት ይቻላል። ሰዉም ቤቱን በሜሪላንድ ወይም በሲያትል ሸጦ፣ በረሃ ውስጥ ሰፋ ያለ ቤት ገዝቶ፣ በተረፈው ገንዘብ ቀሪ ዘመኑን ለመኖር ያስባል።

ነገሩ እኛንም አገር ቤት ያለነውን ይመለከታል። እነዚህ ሰዎች ለብዙ ቤተሰብ ጧሪ ናቸው። ከዚያ አልፎ ምክር ይጠይቁናል፤ እኛም «እሰይ፣ ሞቃት አገር ሂጂ፣ ጉልበትሽን ያሽልሻል» እያልን እንመክራለን። እኔ ኢኮኖሚክስ የተማርኩ ሰው ነኝና ሒሳቡን ልሥራው ብዬ ተቀምጬ ነበር። የደረስኩበት አቋም ይህ ነው፦ በረሃ ለጡረታ መጥፎ ምርጫ አይደለም፤ ግን አብዛኛው ሰው ሒሳቡን የሚሠራው በጥር ወርና በ65 ዓመት ዕድሜው ነው። መሥራት ያለበት በሐምሌ ወርና በ80 ዓመቱ ነበር።

በረሃው እንዴት የጡረተኛ አገር ሆነ?

ሐሳቡ የኛ አይደለም፤ አሜሪካኖቹ ራሳቸው የጀመሩት ገበያ ነው። በ1960 እ.ኤ.አ. በአዲስ ዓመት ዕለት፣ ዴል ዌብ የተባለው ባለሀብት ከፊኒክስ አጠገብ «ሰን ሲቲ» የሚባል የጡረተኞች ከተማ ከፈተ። የተዘጋጁት አምስት ናሙና ቤቶች፣ አንድ የገበያ ማዕከል፣ አንድ የጎልፍ ሜዳና አንድ መዝናኛ ነበሩ። በመጀመሪያው ቅዳሜና እሑድ አሥር ሺህ ሰው ይመጣል ተብሎ ሲጠበቅ መቶ ሺህ ያህል መጣ። ከዚያ ወዲህ አሪዞናና ኔቫዳ ለጡረተኛ የሚሸጥ ፀሐይ አላቸው።

ልብ በሉ፤ ቤት ማሳየቱ የተጀመረው በጥር ነው። የፊኒክስ ጥር ቀኑ ሃያ ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው፤ ከአዲስ አበባ ቀን ብዙም አይርቅም። በረዶ ሲዝቅ ከከረመ ሰው ዓይን ገነት ነው። ሌላው ልብ መባል ያለበት ደግሞ ይህ ከተማ በኤሲ ላይ የቆመ መሆኑ ነው። የአየር ማቀዝቀዣ በየቤቱ ባይገባ ኖሮ በዚያ በረሃ ይህን ያህል አዛውንት ሰብስቦ ማኖር አይታሰብም ነበር። ስለዚህ እዚያ ቤት የሚገዛ ሰው ከግድግዳና ከጣሪያ ጋር አንድ ማሽን እየገዛ ነው። ማሽኑ ሲቆም ቤቱም መጠለያ መሆኑ ያበቃል።

የሚታየው ሒሳብ

በመጀመሪያ ግብሩን እንየው፤ ምክንያቱም የቤት ደላላው ቀድሞ የሚያነሳው እሱን ነው። ኔቫዳ የስቴት ገቢ ግብር የላትም። አሪዞና 2.5 በመቶ ታስከፍላለች፤ የሶሻል ሴኩሪቲ ገንዘብን ግን አትነካም። ጥሩ ነው። ግን የኛ ሰው ከየት ነው የሚሄደው? በብዛት ከሜሪላንድ፣ ከቨርጂኒያና ከዋሽንግተን ዲሲ። ሦስቱም የሶሻል ሴኩሪቲ ገቢን ግብር አያስከፍሉም። ከሲያትል የሚሄድ ከሆነ ደግሞ የዋሽንግተን ስቴት ከመጀመሪያውም የደመወዝና የጡረታ ገቢ ግብር የላትም። የፌዴራሉ ግብር እንደሆነ የትም ብትሄዱ ይከተላችኋል።

ይህ ምን ማለት ነው? ትልቅ የሥራ ቦታ ጡረታ ወይም በ401ኬ የተጠራቀመ ብዙ ገንዘብ ላለው ሰው «ግብር የለም» ማለት በእርግጥ ትርጉም አለው። ዕድሜውን ታክሲ ሲነዳ ኖሮ በዋናነት በሶሻል ሴኩሪቲ ለሚተዳደር ሰው ግን ትርፉ ከዜሮ ብዙም አይበልጥም። እዚያም ቢሆን አልከፈለም ነበር። ሰው ላልነበረበት ዕዳ ቅናሽ ተደረገልኝ ብሎ ሲደሰት ማየት ትንሽ ያሳዝናል።

ዋናው ትርፍ የቤት ዋጋ ልዩነት ነው። እሱን በምሳሌ እንሥራው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ብቻ የተቀመጡ ናቸውና የራሳችሁን አስገቡበት። አንድ ባልና ሚስት ቤታቸውን ሸጠው በረሃ ውስጥ ሲገዙ 150,000 ዶላር ተረፋቸው እንበል። በ65 ዓመቱ አሜሪካ ውስጥ ያለ ሰው በአማካይ ወደ 20 ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ይቀረዋል። ገንዘቡ ለ20 ዓመት ሲከፋፈል በዓመት 7,500 ዶላር ነው።

አሁን እንቀንስ። በሙቀቱ አምስት ወራት የመብራት ሒሳቡ በወር 150 ዶላር ቢጨምር በዓመት 750 ነው። ኤሲ ከ10 እስከ 15 ዓመት አገልግሎ ይቀየራል፤ ማስቀየሪያው 10,000 ዶላር ቢሆንና በየ12 ዓመቱ ቢቀየር በዓመት ወደ 830 ይደርሳል። ልጆቹና የልጅ ልጆቹ የቀሩት ምሥራቅ ጠረፍ ነውና ለአውሮፕላን በዓመት 2,000 እንያዝ። ድምሩ 3,580 ነው። ከ7,500 ሲቀነስ 3,920 ዶላር ይተርፋል። እስካሁን ጥሩ ነው።

ይህ ግን መኪና እየነዱ ያለበት ሒሳብ ነው። በ75 ወይም በ78 ዓመት ዓይን ይደክማል፣ ልጅ ቁልፉን ይቀበላል። ከዚያ ወዲህ ሐኪም ቤት፣ ገበያ፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ በኡበር ነው። ለዚህ በወር 300 ዶላር ብቻ ብንይዝ በዓመት 3,600 ነው። የ3,920 ትርፍ ወደ 320 ዶላር ይወርዳል። ጓዳ ገብቶ የሚያግዝ ሰው መቅጠር ከመጣ ደግሞ ሒሳቡ ከዜሮ በታች ነው። መቼም ሜትሮ ያለበት ከተማ ወይም ልጅ በአቅራቢያ ያለበት ሰፈር ውስጥ ይህ ወጪ እጅግ ያንሳል። ከሰዓት በኋላ እዚያ በረሃ ውስጥ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ቆሞ መጠበቅ ግን ለወጣትም ከባድ ነው።

ባጭሩ በረሃው በ65 ዓመት ርካሽ ነው፤ በ80 ዓመት ውድ ነው። ችግሩ ደግሞ በ80 ዓመት ቤት ሸጦ፣ ዕቃ ጠቅልሎ መመለስ አይታሰብም። የኢኮኖሚክስ መምህራን ሊመለስ የማይችል ውሳኔ ከመወሰናችሁ በፊት መረጃ ለመግዛት ገንዘብ አውጡ ይላሉ። እዚህ ላይ መረጃው በጣም ርካሽ ነው፦ አንድ ሰመር ተከራይቶ መኖር።

ሐምሌ ሲመጣ

የሙቀቱን ነገር «እኛ አፍሪካውያን ነን፣ ሙቀት አይበግረንም» እያልን የምናልፈው ጉዳይ አይደለም። አብዛኛው የኛ ሰው ያደገው ደጋና ወይና ደጋ ላይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ናት። በሐምሌ ካፖርት የሚለበስባት ከተማ ልጅ ሙቀት አይበግረኝም ሲል ትንሽ ያስቃል።

ፊኒክስ በ2023 እ.ኤ.አ. ለ31 ተከታታይ ቀናት ከ43 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሆና ከረመች፤ በእነሱ መለኪያ 110 ፋራናይት። በ2024 ደግሞ ለ113 ተከታታይ ቀናት በየቀኑ 100 ፋራናይት፣ ማለትም ወደ 38 ዲግሪ፣ ወይም ከዚያ በላይ ተመዘገበ። ላስ ቬጋስ በዚያው ዓመት ሐምሌ 7 እ.ኤ.አ. 48.9 ዲግሪ ገብታ የራሷን የምንጊዜም ክብረ ወሰን ሰበረች። ሌሊቱም አያሳርፍም። አስፋልቱና ኮንክሪቱ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ይተፋዋል፤ ፊኒክስ በከፋው ወቅት ከ32 ዲግሪ በታች ሳትወርድ የምታድርባቸው ሌሊቶች አሉ።

ፊኒክስ ያለችበት ማሪኮፓ ካውንቲ በ2023 ከሙቀት ጋር የተያያዘ የ645 ሰዎች ሞት መዝግቧል። በ2024 ቁጥሩ ትንሽ ቢቀንስም ከ600 በላይ ነበር። ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ ጎዳና ላይ የሚኖሩ ሰዎች መሆናቸውን መናገር ተገቢ ነው። ቤት ውስጥ የሞቱትም ግን ጥቂት አይደሉም። የእነሱን ሁኔታ ሲያጠኑ የሚያገኙት ነገር በየዓመቱ ተመሳሳይ ነው፦ አብዛኞቹ ቤት ውስጥ ኤሲ አለ፤ ግን አይሠራም። ወይ ተበላሽቷል፣ ወይ መብራት የለም፣ ወይ ሒሳቡን ፈርተው አጥፍተውታል።

ይህ ሦስተኛው ለኛ ቅርብ ነው። የኢትዮጵያ እናትና አባት መብራት ማባከን አይወዱም። «ምን አለ መስኮት ብንከፍት» ብለው ኤሲ የሚያጠፉ ስንቶች ናቸው! 45 ዲግሪ ውጭ ሲሆን መስኮት መክፈት ምድጃ መክፈት ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. በአሪዞና አንዲት አዛውንት በውዝፍ ክፍያ መብራታቸው ተቆርጦ ቤታቸው ውስጥ ሞተው ከተገኙ በኋላ ክፍለ ግዛቱ በሙቀት ወራት መብራት መቁረጥን ከልክሏል። ሕጉ የመብራት ኩባንያውን አስቁሟል። ሒሳብ ፈርቶ በገዛ እጁ የሚያጠፋውን ሰው ግን የሚያስቆም ሕግ የለም።

ዕድሜም የራሱን ይጨምራል። ሰው ሲያረጅ ጥማት ቶሎ አይሰማውም፤ ላቡም ይቀንሳል። ለደም ግፊት ተብለው ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዳንዶቹ ሽንት እያበዙ ውኃን ከሰውነት ያስወጣሉ። ስኳርና ግፊት የሌለበት የአበሻ አዛውንት ደግሞ ማግኘት ቀላል አይደለም። «ደረቅ ሙቀት ስለሆነ አይሰማም» የሚባለው እውነት ነው፤ ላቡ ወዲያው ስለሚደርቅ ልብስ አይረጥብም። ችግሩም እዚያው ላይ ነው፤ ምን ያህል ውኃ እንደጠፋ አይታወቅም። አስፋልት ላይ አዳልጧቸው ወድቀው መነሳት ያቃታቸው አዛውንቶች ክፉኛ ተቃጥለው ሆስፒታል ይገባሉ።

መብራት ከተማውን ሁሉ ቢለቅስ? በ2023 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት ይህንኑ በሞዴል ሞክሮት ነበር። በፊኒክስ በሙቀት ማዕበል መሐል መብራት ለሁለት ቀን ቢጠፋ፣ ከነዋሪው ግማሽ ያህሉ የድንገተኛ ሕክምና ሊያስፈልገው እንደሚችል አሳይቷል። እዚህ አገር መብራት ሲጠፋ ሻማ እንፈልጋለን። እዚያ በሐምሌ ሲጠፋ የሚፈለገው አምቡላንስ ነው።

በዚህ ላይ ኔቫዳ ከሕዝቧ ብዛት አንጻር የሐኪም እጥረት ካለባቸው ክፍለ ግዛቶች አንዷ ናት። ቤቱን ከማየት በፊት ሜዲኬር የሚቀበል ሐኪም ደውሎ ቀጠሮ መጠየቅ፣ የሚሰጡትን ቀን መስማት በቂ ትምህርት ነው።

ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ

እኛ ለዚህ ጉዳይ የራሳችን ቋንቋ አለን። አያቶቻችን አገሩን ሲከፋፍሉ በከፍታ ነው የከፋፈሉት። ቆላ እርሻ ያለው ደገኛ ለሥራ ወርዶ፣ ሲመሽበት ወይም ወባው ሲነሳ ወደ ቤቱ ይወጣ ነበር። ይህንኑ ዕውቀት አሜሪካ ላይ መጠቀም ነው። «አሪዞና» ሲባል አንድ አየር ብቻ ያለ ይመስላል። ፊኒክስ 330 ሜትር ላይ ናት፤ ፍጹም ቆላ ናት። ላስ ቬጋስ 600 ሜትር ገደማ፤ እሷም ቆላ። ፕሬስኮት 1,600 ሜትር ላይ ያለች ወይና ደጋ ናት፤ ፍላግስታፍ ከ2,100 ሜትር በላይ፣ በክረምቷ በረዶ የሚከመርባት ደጋ ናት። በኒው ሜክሲኮ ያለችው አልበከርኪ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደረቅ ናት፣ ፀሐይ አላት፣ ግን ፊኒክስን የሚያህል እሳት የላትም። እዚያም አበሻው ጥቂት ነው፤ ይህም ራሱን የቻለ ዋጋ አለው፤ እመለስበታለሁ።

ድሬዳዋም የምታስተምረን አለ። የድሬ ሰው ከሙቀቱ ጋር አይታገልም፤ ቀኑን ለሁለት ይከፍለዋል። ጠዋት ይሠራል፣ ቀትር ላይ ሱቁን ዘግቶ ቤቱ ይገባል፣ ወንዱ ሽርጥ ሴቷ ዲሪያ ለብሳ ያርፋሉ፣ ከተማው ማታ ይነቃል። ከዚራ ሰፈር ውስጥ ያሉት ዛፎች ደግሞ መቶ ዓመት የቆየ ኢንቨስትመንት ናቸው፤ ጥላቸው ዛሬም ኪራይ ሳይጠይቅ ያገለግላል። በረሃ ውስጥ ቤት የሚገዛ ሰው የኩሽናውን ግራናይት ከማድነቁ በፊት ግቢው ውስጥ ዛፍ መኖሩን ይይ። መኝታ ቤቱ ወደ ምዕራብ ካየ የከሰዓቱ ፀሐይ ግድግዳውን ሲጠብሰው ይውላል። እነዚህ በዋጋ ዝርዝሩ ላይ አይጻፉም።

ውኃውም መጠየቅ አለበት። ብዙ ሰው ላስ ቬጋስ አንድ ቀን ውኃ ያልቅባታል ብሎ ይፈራል። ከተማዋ ከውኃዋ 90 በመቶ ያህሉን ከኮሎራዶ ወንዝ፣ በሚድ ሐይቅ በኩል ነው የምታገኘው፤ ሐይቁም በ2022 እ.ኤ.አ. ግድቡ ከሞላ ወዲህ ታይቶ ወደማይታወቅ ዝቅታ ወርዶ ነበር። ይሁንና ከተማዋ ቤት ውስጥ የተጠቀመችበትን ውኃ ከሞላ ጎደል በሙሉ አጣርታ ወደ ሐይቁ ትመልሳለች። ሐይቁ በጣም ቢጎድል እንኳ ከታች የሚስብ ጣቢያ ሠርታለች። የበለጠ የሚያሳስበው ከከተማ ክልል ውጭ በርካሽ የሚሸጠው ቤት ነው። በአሪዞና ስኮትስዴል ከተማ አጠገብ ሪዮ ቨርዴ ፉትሂልስ የሚባል ሰፈር አለ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ቤቶች ውኃ የሚያገኙት ከስኮትስዴል በቦቴ እየተጫነ ነበር። ከተማዋ በጥር 2023 እ.ኤ.አ. «ለራሴ ነዋሪ እቆጥባለሁ» ብላ አቆመችው። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ አሪዞና በፊኒክስ አካባቢ በከርሰ ምድር ውኃ ላይ ብቻ ለሚመኩ አዳዲስ የመኖሪያ ሰፈሮች ፈቃድ መስጠት ገታች። ቤቱ ለምን ረከሰ ብሎ መጠየቅ ግዴታ ነው። አንዳንዴ የረከሰው ቧንቧ ስለሌለው ነው።

ጎረቤት ስንት ያወጣል?

እስካሁን በረሃውን ስነቅፍ የቆየሁ ይመስላል። ላስ ቬጋስ ግን ሌሎቹ የሌላቸው አንድ ትልቅ ሀብት አላት፤ ሰው። ታክሲ ነጂው፣ የካዚኖ ሠራተኛው፣ ባለ ምግብ ቤቱ፣ ካህኑ፣ ሼኩ፣ ፓስተሩ እዚያ ነው። ክላርክ ካውንቲ በ2023 እ.ኤ.አ. አንድ አካባቢ «ሊትል ኢትዮጵያ» ተብሎ እንዲጠራ ወስኗል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለው ተረት በሐምሌ በረሃ ውስጥ ቃል በቃል እውነት ነው። ቺካጎ በ1995 እ.ኤ.አ. ሐምሌ ላይ በሙቀት በመቶዎች የሚቆጠር ሰው ሲሞትባት፣ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ የሚያንኳኳላቸው የሌላቸው አዛውንቶች ነበሩ በብዛት ያለቁት። ስለዚህ «አበሻ ሞልቷል» የሚለው ምክንያት፣ ብዙዎች እንደ ስሜት ቢያዩትም፣ ለእኔ ከአራቱ ምክንያቶች ትልቁ የኢኮኖሚ ዋጋ ያለው እሱ ነው።

ግን አበሻ መሙላቱ ብቻውን አያድንም። ሁሉም በየኤሲው ተዘግቶ በሚውልበት ከተማ ጎረቤት ለወራት ሳይተያይ ሊቆይ ይችላል። የሚያስፈልገው ነገር ደግሞ በእጃችን አለ፤ እድር። እድር ሲባል ትዝ የሚለን ድንኳንና ንፍሮ ነው። ግን እድር የስም ዝርዝር አለው፣ የስልክ ቁጥር አለው፣ ወርኃዊ መዋጮ አለው፣ ቀርቶ የማይቀርበት ግዴታ አለው። ሙቀት የሚገድለው ሰው ደግሞ እነዚህ አራት ነገሮች የሌሉት ሰው ነው።

ሐሳቤ ቀላል ነው። በላስ ቬጋስና በፊኒክስ ያሉ እድሮችና የሃይማኖት ተቋማት ከሰው ሞት በፊት የሚሠራ አንድ የሐምሌ ኮሚቴ ይኑራቸው። ብቻቸውን የሚኖሩ አባላትን ይመዝግቡ። ሙቀቱ ሳይገባ፣ በግንቦት፣ የእያንዳንዳቸው ኤሲ መሥራቱ ይታይ፤ ከአባላቱ መካከል ኤሲ መጠገን የሚያውቅ አይጠፋም። ከ43 ዲግሪ በላይ በሆነ ቀን ጠዋትና ማታ ይደወል፤ ስልኩ ካልተነሳ ሰው ሄዶ ያንኳኳ። መብራት የጠፋበት አዛውንት ወደ ማን ቤት እንደሚወሰድ ቀድሞ ይታወቅ። ከመዋጮው ትንሽ ተቀንሳ የሐምሌ መብራት ሒሳብ ለከበደው ትደጎም። ሰው ከሞተ በኋላ አስከሬን ወደ አገር ቤት ለመላክ የሚዋጣው ገንዘብ ከዚህ ሁሉ ይበልጣል። ያንን የምናዋጣ ሰዎች ይህን አናጣም።

የኛ ክረምት፣ የእነሱ እሳት

አንድ ሌላ መንገድም አለ። አሜሪካኖቹ ጡረተኞች ራሳቸው ብዙዎቹ በረሃው ውስጥ ዓመቱን ሙሉ አይቆዩም። በብርዱ ወራት ይመጣሉ፣ ሙቀቱ ሲነሳ ወደ ሰሜን ይወጣሉ፤ «የበረዶ ወፎች» ይሏቸዋል። ያው ቆላ የወረደ ደገኛ ማለት ነው። ለኛ ሰው ይህ ነገር ልክ የተሰፋ ልብስ ይመስላል። ላስ ቬጋስ ከ40 ዲግሪ በላይ በምትነድበት ሐምሌ አዲስ አበባ ቀኗ 21 ዲግሪ አካባቢ ናት፤ ጎንደርና ደሴም አሪፍ ናቸው። ዝናቡን ለሚናፍቅ ሰው ደግሞ ከዚህ የተሻለ ወቅት የለም። ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ ዋጋ መመንዘር ስለጀመረ የዶላር ጡረታ እዚህ ብዙ ይገዛል።

ይሁንና ሦስት ነገሮች ሳይጣሩ ትኬት አይቆረጥም። አንደኛ፣ ሶሻል ሴኩሪቲ ለአሜሪካ ዜጋ እዚህም ይከተለዋል፤ ሜዲኬር ግን በመደበኛው ከአሜሪካ ውጭ ለሚደረግ ሕክምና አይከፍልም። ሁለት ወር ለመቆየት የጉዞ ኢንሹራንስና በቂ መድኃኒት ይዞ መምጣት የግድ ነው። ሁለተኛ፣ ኤስ.ኤስ.አይ. የሚባለውን ድጎማ የሚቀበል ሰው ለ30 ተከታታይ ቀናት ወይም ከዚያ በላይ ከአገር ከወጣ ክፍያው ይቆማል። ብዙ እናትና አባቶቻችን የሚኖሩት በዚህ ድጎማ ነውና ይህን ሳያውቁ መጥተው የሚቸገሩ አሉ። ሦስተኛ፣ የሰመር ትኬት ውድ ነው፤ ቀድሞ መግዛት ያዋጣል።

ለሁለት አገር ቤት ማቆየት የማይችል ሰው ደግሞ ሐምሌና ነሐሴን ልጆቹ ጋ፣ ሜሪላንድ ወይም ሚኒሶታ ቢያሳልፍ ያው ነው። የልጅ ልጅ ትምህርት ቤት የሚዘጋውም ያኔ ነው። በሒሳባችን ላይ ለአውሮፕላን የያዝነው 2,000 ዶላር ያን ጊዜ ሁለት ሥራ ይሠራል።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ወላጆቻችሁ በረሃ እንሄዳለን ካሉ «አትሂዱ» አትበሏቸው። ዕድሜ ልካቸውን በብርድ ለሰው የሠሩ ሰዎች ናቸው፤ ፀሐይ ቢያምራቸው አይፈረድባቸውም። ግን ቤቱን ከመሸጣቸው በፊት አምስት ጥያቄ አብራችሁ መልሱ። አንድ ሐምሌ ተከራይተው ኖረውበታል? መንዳት ሲያቆሙ ሐኪም ቤት በምን ይደርሳሉ? ኤሲው ሌሊት ቢቆም፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ በር የሚያንኳኳ ሰው ስሙ ማን ነው? ውኃው በከተማ ቧንቧ ነው የሚመጣው? የግብር ቅናሽ የተባለው በእነሱ ገቢ ላይ በእርግጥ ስንት ዶላር ነው?

ለአምስቱም መልስ ካለ፣ እሰየው፣ ይሂዱ፤ እድሜ ይስጣቸው። ለሦስተኛው ጥያቄ መልስ ከሌለ ግን ሌላው ሁሉ ቢሟላ እንኳ ቤቱ ገና አልተገኘም ማለት ነው።